አጎቴ የእግር ጣት የሆነበት ስብሰባ

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስም ሲጠሩ እንደ ሰው ሁሉ "አቤት" እል ነበር፤ ነገር ግን ድምፄ ከነጠላዬ ጫፍ አልፎ አይሰማም። በዓመቱ መጨረሻ በተሰጠኝ ካርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀሪ ሆኜ ተገኘሁ። ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣችውም ያቺው ቀሪዋ ነበረች። አክስቴ ካርዱን ጎረቤት አስነብባ ከሰማች በኋላ፣ ሳትሄድ ሁለተኛ ከወጣች ብትሄድ ኖሮ ትምህርት ቤቱን ይዛው ትመጣ ነበር እያለች ላገኘችው ሁሉ አወራች።

ትምህርቴ እዚያው ላይ ቆመ። ዲላ ከተማ አክስቴ ዘንድ ነበር የምኖረው። እሷ ገበያ ውስጥ ቆጮና ቅቤ ትሸጣለች፤ እኔ ከጀርባዋ ቁጭ ብዬ ቆጮውን በኮባ ቅጠል እጠቀልላለሁ። ገዢ ዋጋ ከጠየቀኝ በአገጬ ወደ አክስቴ አመለክታለሁ። አንዳንዶቹ ደንበኞች መናገር የማልችል ይመስላቸው ስለነበር ሲያዝኑልኝ ትንሽ ጨምረው ይገዙ ነበር። አክስቴም አላረመቻቸውም።

ይህ ኑሮ ለእኔ ደህና ነበር። የሚያሳስበኝ ቡሌ ያለው አጎቴ ነው። አጎቴ የአክስቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ስለ እኔ መወሰን የሱ ድርሻ ሆኗል። በዚያ ዓመት ሚስቱ የሞተችበት አንድ ጎረቤቱ እኔን ጠይቆት እሺ ብሎታል። ሰውየውን አንድ ቀን ገበያ አሳይተውኛል። ከመጣ ጀምሮ እስኪሄድ ያወራው ስለ ሟች ሚስቱ ላም ብቻ ነበር። ሊሄድ ሲነሳ እጄን ይዞ አገላበጠና እንሰት ለመፋቅ ይሆናል አለ። አጎቴ ግን ስለ ሰውየው ስትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ እንሰቱ ጫካ ነው ይላል። ሰውየውስ ምን ዓይነት ነው? እንሰቱ ጫካ ነው።

አክስቴ እኔን የምታስቀርበት መላ ስትፈልግ፣ ቀበሌያችን ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ሊሰጥ ነው ተባለ። አስተማሪው ከጤና ጣቢያው የመጣ ወጣት ድሬሰር ነው። የሴቶች ማኅበሩ ከየአካባቢው አንድ አንድ ሰው አምጡ ሲል አክስቴ እኔን ሰጠች። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ድሬሰሩ ለቁስል ማጠቢያ ክፍሉ አንዲት ረዳት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሥራው መርፌ መቀቀል፣ ፋሻ ማጠብ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወረፋ ለሚጠብቁ እናቶች ስለ ጤና መናገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስሰማ ልቤ ዘለለ፤ ሦስተኛውን ስሰማ ተመልሶ ተቀመጠ።

አክስቴ ግን በዚያው ሳምንት ከአጎቴ ጋር ተዋዋለች። ሥራውን ካገኘሁ ዲላ እቀራለሁ፤ ካላገኘሁ ያን ዕለት ከእሱ ጋር ቡሌ እወጣለሁ። አጎቴ ሳያቅማማ እሺ አለ። በሕይወቱ ድምፄን ሰምቶ አያውቅማ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩበት። ትምህርት ለሰፊው ሕዝብ ካልደረሰ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ልጅቷ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆማ አንድ ትምህርት ትስጥ፤ ከዚያ ድሬሰሩ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ አንድ ሰው አስነስቶ ይጠይቅ፤ ሰውየው ከመለሰ ሥራው የሷ ይሁን አሉ። ድሬሰሩ የመረጠልኝ ርዕስ እጅ መታጠብ ቢሆን ምን ነበረበት። እሱ ግን የደም ሥር ዓይነቶችና ደም እንዴት እንደሚዞር አስረጂ አለኝ።

ያን የመረጠበት ምክንያት ነበረው። እኔ ቡና ለቀማ ዱመርሶ ሄጄ ስለማውቅ የቡና ማጠቢያውን አይቻለሁ። ውሃው ከወንዝ በትልቅ ቦይ ይመጣል፣ በትናንሽ ቦዮች ይከፋፈላል፣ ቡናውን ያጥባል፣ ከዚያ ቆሽሾ ወደ ታች ይሄዳል፤ አለቀ። ድሬሰሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ከልብ የሚወጣውን ወፍራም የደም ቅዳ ሲስል፣ ቅርንጫፎቹን ሲያወጣ፣ በመጨረሻም እንደ ፀጉር የቀጠኑትን ሥሮች በሥዕሉ የእግር ጣቶች ጫፍ ላይ ሲሰነጣጥር፣ ይሄማ ማጠቢያው ነው ብዬ ነበር። ደም እግር ደርሶ ያልቃል፤ በማግስቱ በምንበላው ቆጮ ሌላ ይተካል። የተማርነው ሁሉ እንደዚያ ነበር የመሰለን። እሱ ግን ጠመኔውን ሳያነሳ ከጣቶቹ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ መለሰው። ይህ ደም መልስ ይባላል፤ ያው ደም ነው የሚመለሰው አለ። በጣም ስለገረመኝ ራሴን ረስቼ "በየት በኩል?" አልኩ። በትምህርቱ ሁሉ ከአፌ የወጣው ቃል ይኸው ነው። ድሬሰሩ እንደገባኝ ያወቀው በዚያ ነው።

ስብሰባው በገበያ ቀን ተደረገ። አዳራሹ የድሮ የቡና መጋዘን ነው፤ ረጅም፣ ጨለም ያለ፣ አንድ በር ብቻ ያለው። በሩ ከሊቀመንበሩ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ቅርብ ስለሆነ ለመሰብሰብ ይመቻል፤ ሰው ሁሉ ሥራ ስላለው ደግሞ ለማምለጥ ይቸኩላል። ለዚህ ሲባል በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃቸውን ይዘው ይቆማሉ። ትእዛዛቸው አጭር ነው፤ መግባት አለ፣ መውጣት የለም። ሽንቱ የመጣበት ሰው እንኳ ከሳቸው ጋር ብዙ መከራከር ነበረበት።

አጎቴ ከቡሌ በእግሩ ወርዶ፣ ዱላውንና ኮሮጆውን ይዞ፣ ከኋላ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ስብሰባው ሲያልቅ ይዞኝ ሊሄድ ነው የመጣው። አክስቴ ከፊት፣ የሴቶች ማኅበሩ አባላት ዘንቢሎቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሷ ኋላ ተቀምጠዋል። ድሬሰሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ስሜ ተጠርቶ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ሊቀመንበሩ ጓዲት ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አሉኝ። ከፍ አደረግሁ፤ ከፍ ብሎም ምንም ነው። ከኋላ አጎቴ ኮሮጆውን ማሰር ሲጀምር አየሁት።

"አፍሽ እምቢ ካለ በእጅሽ አሳይን" አለች አክስቴ። "ቆጮ ስትጠቀልይ በአፍሽ ነው እንዴ?"

ለማሳያ ብዬ ከጓሮአችን የለቀምኩትን ቀይ እሸት ቡና በቅርጫት ይዤ ነበር። ቀዩ እሸት ደም የሚሸከመው ንጹሕ አየር እንዲሆን ነው፤ በከረጢት የያዝኩት ደረቅ የቡና ገለፈት ደግሞ የተቃጠለው አየር። ሌላ ነገር ስላጣሁ ሄጄ የሴቶቹን እጅ እየያዝኩ ማስነሳት ጀመርኩ። ቀይ ቡና እያስጨበጥኩ ደም አደረግኋቸው።

እኔ በእጄ ሳመለክት ድሬሰሩ ስሙን እየጠራልኝ፣ በበንቾቹ መካከል ያለው ሰፊ መተላለፊያ ደም ቅዳ ሆነ። ከሱ የሚገነጠሉት በበንች ረድፎች መካከል ያሉት ቅርንጫፎች ናቸው። ከኋላ ጥግ፣ አጎቴ ያለበት፣ ሁለት በንቾች አስጠግቼ አንድ ሰው ብቻ የሚያልፍበት ክፍተት ተውኩ፤ ይህ ፀጉር የመሰለው ቀጭን ሥር ነው። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ወደ ፊት የሚመለሰው መንገድ ደም መልስ። ከበሩ ውጭ፣ ግቢው ውስጥ፣ የአቮካዶው ዛፍ ሥር ሳንባ። ልብ ማን ይሁን ብዬ ሳመነታ ሊቀመንበሩ ልብ እኔ ነኝ አሉ። ማንም አልተከራከረም። ጠረጴዛውን በቡጢ እንዲመቱ፣ በቀኛቸው የመጣውን ወደ ሳንባ፣ በግራቸው የመጣውን ወደ አካል እንዲገፉ በእጄ አሳየኋቸው።

አጎቴን የእግር ጣት አደረግሁት። የሱን ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ቦታው ላይ ተቀምጦ ስለነበረ ነው። ከረጢቱን ገለፈት ጭኑ ላይ አደረግሁለት። ቀዩን ተቀበል፣ ገለፈቱን ስጥ አልኩት በምልክት።

ከመጀመራችን በፊት ሊቀመንበሩ አንድ ጥያቄ አላቸው። ወደ ኋላ የሚመለስ ደም ለምን ያስፈልጋል፣ እኛ የምንለው ሁልጊዜ ወደፊት ነው አሉ። ድሬሰሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ማፈግፈግ ሳይሆን ዙር ነው፤ ደሙ ሁልጊዜ ወደፊት እየሄደ ነው ልብ ዘንድ የሚደርሰው አለ። እሳቸው ጥቂት አሰቡና ጠረጴዛውን መቱ።

ሴቶቹ የያዙትን ቀይ ቡና ጨብጠው በሰፊው መንገድ በፍጥነት ወረዱ። ድሬሰሩ የደም ቅዳ ግድግዳ ወፍራም የሆነው ልብ ስለሚገፋው ነው፤ አንጓችሁ ላይ የሚመታው የዚያ ግፊት ነው ሲል ተቀማጩ ሁሉ አንጓውን ያዘ። ጠባቡ ክፍተት ላይ ግን አክስቴ ቆመች። አክስቴ ሰፊ ሴት ናት። "ይቺን መንገድ የሠራት ሰው እኔን አላየም" አለች። ድሬሰሩ የደም ሕዋስም እዚያ ሲደርስ ራሱን አጥፎ ነው የሚያልፈው አላት። ጎኗን ሰጥታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ተሳክቶላት አለፈች።

አጎቴ መጀመሪያ ኮርቶ ነበር። ነገር ግን ቡና አብቃይ ነው፤ እጁ ላይ ቡና ሲቀመጥ ዝም ማለት አልቻለም። አንዱን እሸት አየና ይሄ አልበሰለም ብሎ መለሰው። የሚቀጥለውን ተቀበለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አገላበጠ። ወረፋው ቆመ። "ጣት ሆኖ ደም ይመርጣል" አለች አክስቴ፤ ታናሽ ወንድሟ ስለሆነ ፊት ለፊት ነው የምትለው። ያን ያልበሰለውን መልሶ ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ማሳለፍ ጀመረ።

ስህተቴ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ሴቶቹ ገለፈታቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን ታከው ወደ ፊት መጡ፣ በሊቀመንበሩ ቀኝ አለፉ፣ ወደ ሳንባ ሊወጡ በሩ ላይ ሲደርሱ አብዮት ጠባቂው መውጣት የለም አሉ። ሳንባ ነው ቢሏቸው ሳንባም ቢሆን አሉ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠረጴዛውን እየመቱ ስለነበር አላዩም። ከኋላ ያለው ይገፋል፣ ከፊት ያለው ቆሟል። ሰልፉ ከበሩ ጀምሮ በግድግዳው ወደ ኋላ ተጠራቅሞ አጎቴ ጥግ ደረሰ። አጎቴ በሴትና በዘንቢል ተከቦ ራሱ ብቻ ይታይ ነበር።

"የዚህ ሰው እግር አብጧል" አለ ድሬሰሩ እየሳቀ።

ከተቀመጡት አንዲት እናት፣ የኔም እግር ቆሜ ስውል እንዲህ ነው የሚሆነው አሉ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ቀስ ብዬ፣ ደሙ ወደ ላይ መመለሻ አጥቶ ነው እማማ፣ ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉት አልኳቸው። ሰሙኝ። የሰሙኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ሲገልጡ ጉዳዩ ገባቸውና ደም ይለፍ ብለው አዘዙ። አብዮት ጠባቂው ቅር እያላቸው ገለል አሉ። ሴቶቹ ወጡ። ልብ መታ። ሴቶቹ አልገቡም። ልብ እንደገና መታ። በሰፊው መንገድ የሚወርድ ሰው የለም።

"እኔ ጋ የሚመጣ የለም" አለ አጎቴ ከጥግ፣ ቅር ብሎት።

"ይህ ሰው እየደማ ነው" አለ ድሬሰሩ፤ አሁን አልሳቀም። በበሩ ሮጬ ወጣሁ። ደሜ በሙሉ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ በግቢው በር ወደ ገበያ እየሄደ ነበር። አንዷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ነው። የጫካው እንሰት ታየኝ፤ ላሚቱም ታየችኝ።

"ተመለሱ!" አልኩ።

ድምፁ ከእኔ ይውጣ አይውጣ ራሴም አላወቅሁም ነበር። ሴቶቹ ማን እንደጮኸ ለማየት ዞሩ። እኔ መሆኔን ሲያዩ በግርምት ተመለሱ፤ አንዷ ለካ ይቺ ልጅ ትናገራለች አለች። ከሰልፉ መጨረሻ የነበረችው አክስቴ ከኋላዬ መጥታ ዘንቢሎቹን ከየእጃቸው ለቀመችና ጠረጴዛው ሥር፣ ከሊቀመንበሩ እግር አጠገብ ቆለለቻቸው። ያለ ዘንቢል ገበያ የሚሄድ የለም። ከዚያ ራሷ ዛፉ ሥር ቅርጫቱን ይዛ ቆመች፤ ገለፈት እየተቀበለች ቀይ ቡና ትሰጣለች። በጠባቡ ማለፍ ስለቀረላት ሳንባ መሆኗ ለወገቧ ተስማማው።

ደሙ ዞረ። አንድ ችግር ብቻ ቀረ። በሰፊው መንገድ የልብ ግፊት ስላለ ሁሉም ይሮጣል፤ በግድግዳው በኩል ሲመለሱ ግን ቀስ ይላሉ፣ ያወራሉ፣ አንዳንዷም የረሳችውን ጨዋታ ልትጨርስ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ድሬሰሩ በእግር ደም መልስ ውስጥ ምን እንዳለ አስታውሺ በሚል ዓይን አየኝ። አስታወስኩ። በር ላይ ሥራ ፈትተው ያኮረፉትን አብዮት ጠባቂ በእጅጌያቸው ይዤ ግድግዳው መካከል አቆምኳቸው።

"አባባ፣ እዚህ ይቁሙ" አልኩ፤ ድምፄ የተከፈተበት ገና አልተዘጋም ነበር። "ወደ ልብ የሚሄደውን ያሳልፉ፤ ወደ ኋላ የሚመለሰውን አያሳልፉ።"

"ይህ በሰው ገላ ውስጥ አለ?" አሉኝ።

ድሬሰሩ ተቀብሎ፣ አለ እንጂ፣ ደሙ ከእግር ወደ ላይ ሽቅብ ስለሚወጣ እንዳይመለስ በየደረጃው ትንንሽ በሮች አሉ፣ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈቱት አላቸው። ሽማግሌው ወደ እግራቸው ተመለከቱ። በእያንዳንዱ ሰው እግር ውስጥ እንደሳቸው ያለ ጠባቂ መቆሙን ሲሰሙ ጀርባቸው ቀና አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የተመለሰ ደም የለም።

እስኪበቃ ዞርን። ሊቀመንበሩ እጃቸው ቀልቶ ቆሙ። ድሬሰሩ የሚጠይቀውን ሰው ለመምረጥ ፊት ፊታችንን ማየት ጀመረ፤ ያየው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። እኔም ደፋሁ። ይሄኔ አጎቴ ከጥጉ ተነስቶ መጣና አንጓዬን ያዘ። አጎቴ አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ አይለይም።

"ና፣ እንሂድ" አለኝ። "ይመሻል። የቡሌ መንገድ ዳገት ነው።"

ለማንም አልጠበቀም። ዱላውንና ኮሮጆውን ሊያነሳ በግድግዳው በኩል ወደ ኋላ ይጎትተኝ ጀመር። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃቸውን አጋደሙ።

"ወደ ኋላ የለም።"

"ዱላዬ እዚያ ነው" አለ አጎቴ።

"ይሁን። ወደ ኋላ የለም።"

አጎቴ ተናደደ። ሲናደድ ደግሞ ነገር ያምርለታል። "እሺ። ወደ ኋላ ከሌለ ወደ ፊት ነው። ይህን ግድግዳ ይዘን ልብ እንሄዳለን፤ በቀኝ እንገባለን፤ ይመታል፤ ወደ ደጅ፣ ወደ ሳንባ ይገፋናል። ሳንባ ከደረስን ቡሌ ሩቅ አይደለም።"

"ከሳንባስ?" አሉ ሽማግሌው፤ ጠመንጃቸውን ሳያነሱ።

"ከሳንባማ ገለፈቱን ጥሎ፣ ቀዩን ይዞ፣ በግራ ልብ ይገባል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በሰፊው መንገድ በሩጫ ይወርዳል። ይከፋፈላል። እዚያ ጠባቡ ጋ አንድ በአንድ ሆኖ እኔ ዘንድ ይመጣል። ቀዩን እቀበለዋለሁ፣ ገለፈቱን እሰጠዋለሁ። ከዚያ በግድግዳው በኩል፣ በዚህ፣ ቀስ ብሎ..." የሚያመለክትበት ጣቱ እሱ ራሱ የቆመበት ቦታ ላይ ደርሳ ቆመች። ዙሪያውን አየ። በሩን አየ፣ ጥጉን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ። "ታዲያ መውጫው የት ነው?"

"የለውም አባባ" አለ ድሬሰሩ። "ቁስል ካልተገኘ በቀር መውጫ የለውም።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ድሬሰሩ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ እኔ ከዚህ ሰው ሌላ የምጠይቀው የለኝም አለ። ሊቀመንበሩ ግን ሰውየው የቡሌ ሰው ነው፣ የእኛ ቀበሌ አባል አይደለም ብለው ተጠራጠሩ። አክስቴ ከበሩ ላይ፣ እግራችሁ ሲሆን አልጠየቃችሁትም፣ አሁን ነው አገሩ የታያችሁ? አለቻቸው። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በቀላው እጃቸው አንድ ጊዜ መቱና ጸድቋል አሉ።

አጎቴ አንጓዬን ገና አለቀቀም ነበር። ነገሩ የገባው ከሁሉም በኋላ ነው።

"እኔ ነኝ እንዴ ያስቀረሁህ?" አለኝ።

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፁ ሄዷል። ራሴን ነቀነቅሁለት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ዛሬም መርፌ እቀቅላለሁ፣ ፋሻ አጥባለሁ። ጠዋት ጠዋት እናቶቹን የማስተምረው አሁንም እያስነሳሁና እያዞርኩ ነው፤ ታመው ለመጡ ሰዎች ይከብዳል የሚሉ አሉ።

የዚያን ቀን አጎቴን እስከ ግቢው በር ሸኘነው። ለሰውየው ምን ልበለው ብሎ አክስቴን ጠየቃት። "ላሟ አለችለት" አለችው። አጎቴ መሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ዱላውን ትከሻው ላይ ካደረገ በኋላ ኪሱ ገብቶ ያን ያልበሰለ እሸት አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

"ይሄን ለባለቤቱ መልስ" አለኝ።

ቀያዮቹን ግን በኮሮጆው ይዟቸው ሄደ።